የእታለማሁ ድንች መሳይ አፕሎች

እታለማሁን የማውቃት ከሥራ ነው። ሁለታችንም ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቢጫውን የትምህርት ቤት ባስ እንነዳለን። እሷ አጭር ናት፤ መሪው ላይ ስትቀመጥ ከውጭ የሚታየው ሻሿና መነጽሯ ብቻ ነው። አዲስ የገቡ ሾፌሮች «ይቺ ናት ይህን ሁሉ ብረት የምታዞረው?» ይላሉ። ከዚያ ባሷን ወደ ኋላ እየነዳች ማቆሚያው ውስጥ በአንድ ጊዜ ስትሰካ ያዩና ጥያቄያቸውን ይተዋሉ።

አሜሪካ የመጣችው በዲቪ ነው። ያኔ ወንድሟ ብስራትና ሚስቱ ውድብሪጅ ይኖሩ ነበር። መንታ ወልደው፣ ሁለቱም እየተፈራረቁ ሲሠሩ ልጆቹን የሚይዝላቸው ሰው አጥተው ነበርና ወንድሟ «ባክሽ እኔ ጋ ነይልኝ» አላት። መጣች። መንታዎቹን ማቲያስንና ሶሊን አጠበች፣ አበላች፣ ትምህርት ቤት አመላለሰች፣ አማርኛ አስተማረች። አማርኛው በከፊል ነው የተሳካው። እነሱም «እቴቴ» እያሏት አደጉ።

ለምን እንዳላገባች አንድ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። «ጠያቂ ሲመጣ ሕፃን አዝዬ ነበር፤ ሕፃኑን ሳወርድ ጠያቂው ሄዷል» አለችኝና ሳቀች።

መንታዎቹ ኮሌጅ ሲገቡ የራሷን ቤት ሲልቨር ስፕሪንግ ገዛች። ያላማ ሰው የለም። «ለአንድ ራስሽ ቤት ምን ያደርግልሻል? ኮንዶ አይበቃሽም?» አሏት። «ዕድሜ ልኬን የሰው ጓዳ ሳደራጅ ኖሬያለሁ፤ አሁን የራሴን በር ልዝጋ» ብላ መለሰች።

ቤቱ ትንሽ፣ አሮጌ፣ በቀይ ጡብ የተሠራ ነው። ከሥሩ ቀዝቀዝ ያለ ቤዝመንት አለው። ጓሮው መሀል ደግሞ አንዲት ያረጀች የአፕል ዛፍ ቆማለች። ቤቱን የሸጡላት የሞቱት የቀድሞ ባለቤቶቹ ልጆች ነበሩ፤ ስለ ዛፏ ቢጠየቁም ከድሮ ጀምሮ እዚያ እንደነበረች ከመናገር በቀር የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

በመጀመሪያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ እታለማሁ ፍሬዎቹን አየቻቸው። የሚያስደስት መልክ የላቸውም። ቆዳቸው አረንጓዴ ሆኖ ቡናማ ሻካራ ነገር ለብሷል፤ ሲዳስሱት እንደ ድንች ልጣጭ ይሻክራል። አንዱን ገመጠችና ወዲያው ተፋችው፤ ኮምጣጣነቱ ጆሮዋን ጭው አደረገው። የቀሩት እየረገፉ ሣር ማጨጃዋን አስቸገሯት፣ ተርብ ሰበሰቡባት። ሰብስባ በከረጢት እያደረገች ለቆሻሻ መኪና አወጣቻቸው።

ከዚህም ሌላ እታለማሁ አፕል አትወድም። አዲስ አበባ ውስጥ አፕል የታመመ ሰው ፍሬ ነው፤ ሆስፒታል ስትሄድ በፌስታል ይዘህ ትሄዳለህ። እናቷ ለመጨረሻ ጊዜ ተኝታ ሳለች ጠያቂ ሁሉ አፕል ይዞ ይመጣ ነበር። ያ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከውጭ አገር የመጣ አፕል አልጋው አጠገብ ተደርድሮ ይውላል። እናቷ ግን አንዱንም መዋጥ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ እታለማሁ አፕል ስታይ የሚሸታት ሆስፒታል ነው።

በሁለተኛው ዓመት ማቲያስ ሊጠይቃት መጣና ጓሮውን አይቶ «እቴቴ፣ ጀስት ከት ኢት» አላት። «በቦታው ዴክ፣ የእንጨት በረንዳ እንሠራልሻለን፤ ወንበር አውጥተሽ ትቀመጫለሽ።»

ሐሳቡ ጥሩ መሰላት። ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ስታፈላልግ ቤተ ክርስቲያን የምታውቃት ሴት ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ዓባይነህ የሚባል ዛፍ ቆራጭ ስልክ ቁጥር ሰጠቻት። «ጨዋ ሰው ነው፤ ሚስቱ ከሞተችበት ጀምሮ ከሥራና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የሚሄድበት የለውም» አለቻት።

ዓባይነህ መስከረም ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በፒካፑ መጣ። መሰላሉንና የሞተር መጋዙን አውርዶ ወደ ጓሮ ዞረ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ የነጣ ሰው ነው። እኔ በዚያን ጊዜ አላውቀውም ነበር፤ ዛሬ ግን ቤተሰብ ስለሆንን አንቱታውን ትቼዋለሁ። የዚያን ቀን የሆነውን ሁለቱም ነግረውኛል፤ ልዩነታቸው ማን ቀድሞ ሳቀ በሚለው ላይ ብቻ ነው።

«የምቆርጠው ይህችን ነው?» አላት።

«እሷን ነው። ታማለች። ፍሬዋን አያዩትም?»

ዓባይነህ አንድ ፍሬ በእጁ ደግፎ ቀና ሲያደርገው ከነዘንጉ ተላቀቀለት። በሸሚዙ እጅጌ ወለወለውና ገመጠ። አላመጠ። ደግሞ ገመጠ። እታለማሁ እጇን አጣምራ ቆማ ጠበቀችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው በመጨረሻ፤ «የጠራሁዎት ሊቆርጡልኝ ነው ወይስ ሊበሉልኝ?»

«እመቤት፣ ይህችን አልቆርጥም።»

«ለምን?»

«አልታመመችም። ይህ ሻካራ ነገር ተፈጥሮዋ ነው። እዚህ አገር እንደመጣሁ ቨርጂኒያ ውስጥ አፕል እርሻ ላይ ለቀማ ሠርቻለሁ። ባለቤቱ እንዲህ ያለች አንዲት ዛፍ ነበረችው። ሌላውን ሁሉ ሲሸጥ የእሷን ፍሬ ለቤቱ ነበር የሚያስቀረው። ስሟን ረስቼዋለሁ፤ ጣዕሟን ግን አልረሳሁም።»

«እኔ ቀምሻታለሁ። መርዝ ናት።»

«መቼ ቀመሷት?»

«አምና፣ ነሐሴ ላይ።»

«ሳትደርስ ነዋ! ደርሳ ከተለቀመች በኋላም ቢሆን ማረፍ አለባት። አሁን እንልቀማት፤ ቤዝመንትዎ ውስጥ ያኑሯት። እስከ ታኅሣሥ አይንኩ። ከዚያ ቀምሰው ካልወደዱት ይደውሉልኝ፤ ያለ ክፍያ መጥቼ እቆርጥልዎታለሁ።»

እታለማሁ ክርክር ትወዳለች፤ ግን ዛፍ ሊቆርጥ መጥቶ አልቆርጥም ያለ ሰው አጋጥሟት ስለማያውቅ ክርክሩን ትታ እጅጌዋን ሰበሰበች። መሰላሉን ያዘችለት። ለቀሙ። በፖስታ ሳጥኗ እየመጣ የሚጣለውን የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ወረቀት ሰብስባ አመጣችና እያንዳንዱን ፍሬ ጠቅልለው በካርቶን ደረደሩት። ዓባይነህ መጋዙን ሳያስነሳ ጭኖ ሄደ።

እሷም ረሳችው።

ታኅሣሥ ገባ። የነቢያት ጾም ተጋምሶ ሳለ አንድ ቀን በረዶ ወረደና ትምህርት ቤት ተዘጋ። እኛ ባስ ነጂዎች እንዲህ ያለውን ቀን ከልጆቹ የበለጠ ነው የምንወደው። እታለማሁ ደጇ ላይ የምትበትነውን የበረዶ ማቅለጫ ጨው ልታመጣ ወደ ቤዝመንት ወረደች። በሩን ስትከፍት አንድ ሽታ አገኛት። መጀመሪያ የልብስ ሳሙና ፈስሶ መሰላት። ሽታውን ተከትላ ስትሄድ ካርቶኑ ጋ ደረሰች።

አንዱን ከማስታወቂያው ፈታች። ቆዳው ትንሽ ተጨማዷል፤ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ዞሯል። መልኩ ያው ነው፣ አላማረም። ለጨው መቅጃ የያዘችውን ጆግ አስቀምጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ገመጠችው።

ስለ ጣዕሙ ስትነግረኝ እጇን እያወናጨፈች ነው። መጀመሪያ ኮምጠጥ ይላል፣ ቀጥሎ ማር ይሆናል፤ ዋጥ ካደረግሽው በኋላ ደግሞ በልጅነታችን ከሰፈር ሱቅ የምንገዛው የደስታ ከረሜላ አፍሽ ውስጥ ይቀራል አለች። እኔም በኋላ ቀምሼዋለሁ፤ አላጋነነችም። አንዱን ጨርሳ ሁለተኛውን ፈታች። እዚያው ደረጃው ላይ እናቷን አሰበች። «ያ የሆስፒታሉ አፕል መልክ ብቻ ነበር» አለችኝ። «እማዬ ይህን ብትቀምስ ትውጠው ነበር ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሦስተኛውን ለእሷ በላሁላት።»

ወዲያው ደወለች።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለ ዓባይነህ።

«የሲልቨር ስፕሪንጓ ነኝ። አልቆርጥም ያሏት።»

«እሺ፤ መቼ መጥቼ ልቁረጥ?»

«ቢነኳት ፖሊስ ነው የምጠራብዎት!»

ዓባይነህ በስልኩ ውስጥ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

የካቲት ላይ ዛፏን ሊገርዝ መጣ። ዛፏ ለብዙ ዓመት ስላልተገረዘች ቅርንጫፎቿ እርስ በርስ ተጠላልፈው ነበር። እኛ ጠዋት ልጆቹን አድርሰን ከሰዓት በኋላ እስክንመልሳቸው ድረስ መሀሉ ክፍት ነው፤ እታለማሁ በዚያ ሰዓት ቤቷ ትገባና እሱ መሰላል ላይ ሆኖ ሲቆርጥ እሷ ከታች ትሰበስባለች። ምሳ ሽሮ ሠራችለት። ስለ ሚስቱ ነገራት፤ አንዲት ሴት ልጁ አግብታ ሩቅ ስቴት እንደምትኖርም ነገራት። እሷም ስለ መንታዎቹ አወራችው። አንዱ ጉብኝት ሌላውን እየጠራ መጣ። ለዛፏ ማዳበሪያ ያመጣል፤ ሌላ ቀን ደግሞ መሰላሉን ረስቼ ሄጃለሁ ብሎ ይመለሳል። እኔ አንድ ቀን «ሰውየው መሰላሉን ስንት ጊዜ ነው የሚረሳው?» አልኳት። ፊቷ ቀላ።

በቀጣዩ መስከረም፣ ዛፏ አምና ካፈራችው በላይ አፈራችና የተወሰነውን ይዘው ዓባይነህ ድሮ ወደሠራበት እርሻ ሄዱ። ሽማግሌው ባለቤት ጡረታ ወጥተው እርሻውን ልጃቸው ይዛለች። ሴትዮዋ ፍሬውን አገላብጣ አየች፣ ለሁለት ከፈለችው፣ አሸተተችው፣ ከራሳቸው ዛፍ ፍሬ ጋር አስተያየችውና ፈገግ አለች። «አሽሚድስ ከርነል ነው» አለቻቸው። የእንግሊዝ አገር አፕል ነው፤ ግሎስተር የሚባል ከተማ ውስጥ የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ አሽሚድ የሚባል ሰው ጓሮ የበቀለ ነው ይባላል። ሰውየው ሐኪም ነበር የሚሉ አሉ፣ ጠበቃ ነበር የሚሉም አሉ። መልኩ ስለማያምር ሱፐርማርኬት አይገባም፤ የሚያውቁት ሰዎች ግን ከምግብ በኋላ ለጣዕም ብቻ የሚበላ አፕል ብለው ይኮሩበታል።

ወደ ቤት ሲመለሱ እታለማሁ መንገዱን ሙሉ ስሙን ስትለማመድ ነበር። «ከርነል? የጦር መኮንን ነው እንዴ?»

«ያኛው ኮሎኔሉ ነው፤ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ተመሳስሎ ነው። ይህኛው የፍሬ ውስጥ ዘር ማለት ነው።»

«ለእኔ ኮሎኔል ናት። ቁጣዋን አታይም?»

ሳታስበው «አታይም» አለችው፤ አንቱታው መንገድ ላይ ቀርቷል። ዓባይነህ ሰምቶ አላለፈውም፤ እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንቺ» ይላት ጀመር። የጎንደር ልጅ ስለሆነ ዓመቱን ሲቆጥር ደግሞ ተደነቀ። «ያኔ እኮ ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነግሠው ነበር! ይህች ዛፍ የእሳቸው ዘመን ናት።»

«ጎንደሬ ሁሉን ነገር ወደ ጎንደር ካልወሰደ አይሆንለትም» አለችው።

በተከታዩ ዓመት ትምህርት ቤት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከባድ አውሎ ነፋስ መጣ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋሱ ባሱን እንኳ ይንጠው ነበር። እታለማሁ የመጨረሻውን ልጅ አድርሳ፣ ባሷን መልሳ ቤት ስትደርስ ግማሿ ዛፍ አጥሩ ላይ ተኝታለች። ግንዷ ከመሀል ተሰንጥቆ ነጭ እንጨቱ ይታያል። ጥሬ ፍሬዎች ሣሩ ላይ ተበትነዋል።

«ኮሎኔሏ ወደቀች» አለችው በስልክ።

ዓባይነህ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ሥራ ላይ ነበር። የወደቀ ዛፍ ያለባቸው ሰዎች ሁሉ እየደወሉለት ነበር። ሁሉንም «ነገ» ብሎ በዚያ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ መጨናነቅ ውስጥ ተሰልፎ መጣ። ሲደርስ ጓሮው ውስጥ እርጥብ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት። ግንዱን ዞሮ ዞሮ አየ።

«ግማሿ ቆማለች» አለ። «የቀረውን በብረት አስራታለሁ። ትተርፋለች ብዬ ግን ቃል አልገባም።»

«ዘሯን እንትከላ።»

«ከዘሯ የሚበቅለው እሷን አይመስልም። ሌላ አፕል ነው የሚሆነው። እሷን ራሷን የምታገኚው ከቅርንጫፏ ቆርጠሽ ሌላ የአፕል ሥር ላይ ገጥመሽ ስታስሪ ብቻ ነው።»

እታለማሁ ቀና አለች። «ታዲያ ይህ ሁሉ ዘመን እንዴት ቆየች?»

«እንዲሁ ነዋ። አንዱ ቆርጦ ለሌላው እየሰጠ፣ ያ ደግሞ እያሰረ። አንዱ ትውልድ ቢሰንፍ ኖሮ አልቆላት ነበር።»

ያ ነገር ከልቧ ገባ። ዛፏን በረጅም ብሎን አያይዘው አሰሯት። የበረዶው ወራት ሲገባ ዓባይነህ ከቆመው ግማሽ ላይ እርሳስ የሚያካክሉ ቅርንጫፎች ቆረጠ፤ እታለማሁ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልላ ፍሪጇ ውስጥ ከጎመኑ ጎን አስቀመጠቻቸው። መጋቢት ላይ ቅርንጫፎቹ የሚገጠሙባቸውን ሥሮች ገዝቶ መጣና የምሳ ጠረጴዛው ላይ ሥራ ጀመሩ። እሱ ቅርንጫፉንም ሥሩንም በሰያፍ ይቆርጣል፤ እሷ ቁርጡን ከቁርጡ ገጥማ በላስቲክ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች። ለዓመታት የሶሊን ፀጉር ስትሠራ የኖረች እጅ ስለሆነች ሥራዋ ከእሱ ይልቅ ያምራል። ያም ሆኖ ብዙዎቹ ደረቁ። ሦስቱ ግን ሚያዝያ ላይ አይጥ ጆሮ የሚያክል ቅጠል አወጡ። እታለማሁ ፎቶ እያነሳች ለሁላችንም ላከችልን፤ እኔ የሕፃን ፎቶ እንኳ እንደዚያ ተደጋግሞ ሲላክ አላየሁም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ችግኞቹን እያጠጡ ሳለ ዓባይነህ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሌክሳንድሪያ ያለው ታውንሃውስ ቤቴ ጓሮው ጠባብ ነው። ለዛፍ አይሆንም።»

«አውቃለሁ። አይቼዋለሁ።»

«ደግሞ አፕል ብቻዋን አታፈራም። አጠገቧ ሌላ ዓይነት አፕል ማበብ አለበት። የአንቺም የምታፈራው ጎረቤትሽ ጓሮ ያለው ዛፍ አብሯት ስለሚያብብ ነው። እና ብቸኝነት፣ ማለቴ፣ ለዛፍም ቢሆን…»

እታለማሁ የውሃውን ጎማ ዘጋች። «ዓባይነህ፣ አሁን የምታወራው ስለ አፕል ነው ስለ እኛ?»

ዓባይነህ መሬት መሬት አየ። «ስለ እኛ ነው።»

«ታዲያ በአማርኛ ተናገረው!»

ተናገረው። ምን እንዳለ ሁለቱም አይነግሩኝም። እሷ ግን አንድ ሳምንት አስቢ ብላ ራሷን አዘዘችና እስከ ማክሰኞ ብቻ ቻለች።

የፈራችው መንታዎቹን ነበር። ሃምሳን አልፌ ሙሽራ ስሆን ይስቁብኛል ብላ ነው። ውድብሪጅ ወንድሟ ቤት ሁሉንም ሰብስባ ስትነግራቸው ሶሊ ከወንበሯ ተነሥታ «ፋይናሊ!» ብላ ጮኸች። ማቲያስ ዓባይነህን ጨብጦ «ሶ ዴኩ ካንስልድ ነው ማለት ነው?» አለው። ብስራት እኅቱን አቅፎ ለረጅም ጊዜ አልለቀቃትም። በኋላ «ወጣትነትሽን እኔ ቤት ነው የጨረስሽው» አላት። «ማን ጨረሰ አለህ? ገና ነኝ» አለችው።

በጥር ተጋቡ። ቤተ ክርስቲያን ከሥርዓቱ በኋላ ለእንግዳ የቀረበው ከኬክ ጋር ቤዝመንት ሲያርፍ የከረመው አፕል ነበር። ሰው መጀመሪያ መልኩን እያየ ሳህኑን አሳለፈ። አንድ ሽማግሌ አንሥተው ቀመሱና «እስቲ አንድ ድገሙኝ» ሲሉ ሳህኑ ዞሮ ሳይመለስ አለቀ።

ዓባይነህ ታውንሃውሱን አከራይቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባ። አሮጊቷ ዛፍ ወደ አንድ ጎን አዘንብላ፣ በብረቷ ታስራ እስካሁን ታፈራለች። ከሦስቱ ችግኞች አንዱ ጓሮዋ ውስጥ ተተከለ፣ አንዱ ሎረል ወደሚኖረው ማቲያስ ሄደ፣ አንዱን ሶሊ ስፕሪንግፊልድ ወስዳ ከቤቷ ፊት ተከለችው። ባልና ሚስቱ ይጨቃጨቃሉ፤ በመሰላል ጉዳይ፣ ዛፏ ምን ያህል ትገረዝ በሚለው። እታለማሁ ግን ዘንድሮ ባሱ ውስጥ ስታንጎራጉር እሰማታለሁ፤ ድምፅዋ ጥሩ አይደለም፣ ልጆቹ ለምደውታል።

ባለፈው ቅዳሜ ሶሊ ኮል አድርጋ «እቴቴ፣ አጋዘን መጥቶ ጫፏን በላት!» አለቻት። ባልና ሚስቱ የአጥር ሽቦና ምሰሶ ፒካፑ ላይ ጫኑ። ዓባይነህ ሹፌሩ ልሁን አለ፤ እታለማሁ እሱ ሃይዌይ ላይ የሚሄደው ለቀብር ነው የሚመስለው ብላ መሪውን ያዘች። ደርሰው የተበላውን ጫፍ አጸዱ፣ ዙሪያውን አጠሩ፣ ሶሊ የሠራችውን ጨው የበዛበት ፓስታ አመስግነው በሉ፤ ሳይመሽም ተመለሱ። ሰኞ ዕለት እረፍት ላይ ይህንን ስትነግረኝ ሽቦው የቧጨረውን እጇን እያሻሸች ነበር።

«ትድናለች?» አልኳት።

«ከተበላው ጫፍ በታች አዲስ እንቡጥ አውጥታለች» አለችኝ። «በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሄደን እናያታለን። የመንዳት ተራው የእሱ ነው ይላል፤ ቁልፉን ግን አልሰጠውም።»